ለእኔ ስንት ካርቦሃይድሬት፣ ስንት ቅባት? በ7 ሳምንት ራስዎ የሚለዩበት አሠራር

«በቀን ስንት ግራም ካርቦሃይድሬት ልብላ? ቅባቱንስ ምን ያህል ላድርገው?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አብዛኛው ጠያቂ የሚፈልገው አንድ ቁጥር ነው። ያንን ቁጥር ከሩቅ ሆኜ ልሰጥዎ አልችልም፤ ራስዎ የሚያገኙበትን መንገድ ግን ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ። 7 ሳምንት ይፈጃል፤ ከባዱ የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደሚረዝም አስቀድሜ ልንገርዎ። ለጤናማ አዋቂ የሚመከረው ክልል ሰፊ ነው፦ ከቀኑ ካሎሪ ከ45 እስከ 65 በመቶው ከካርቦሃይድሬት፣ ከ20 እስከ 35 በመቶው ከቅባት። በዚህ ክልል ውስጥ የትኛው ቦታ ለማን እንደሚስማማ አስቀድሞ የሚያሳይ ምርመራ የለም። በ2018 በታተመ አንድ ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 609 አዋቂዎች በሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ ቅባት ገሚሶቹ ካርቦሃይድሬት ቀንሰው 12 ወር ቆዩ። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ከሰውነታቸው ወረደ፤ እንደ ልዩነት የሚቆጠር አይደለም። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ ግን ወደ 30 ኪሎ የቀነሰም፣ ወደ 10 ኪሎ የጨመረም ሰው ነበር። ተመራማሪዎቹ በዘረመልና በኢንሱሊን ምርመራ የትኛው ሰው በየትኛው አመጋገብ እንደሚቀናው ለመለየት ሞክረው አልተቻለም። ስለዚህ የሚቀረው ራስን በሥርዓት መሞከር ነው።

ሙከራው የሚቆመው በአንድ ደንብ ላይ ነው፦ ጠቅላላ ካሎሪውና ፕሮቲኑ ሳይነኩ፣ በሦስት የ14 ቀን ዙሮች ካርቦሃይድሬትና ቅባት ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ። ይህ ደንብ ከተጣሰ ሌላው ሁሉ ቢሟላም ውጤቱ ምንም አይነግርዎትም።

መጀመሪያ ይህን ያንብቡ

ከሚከተሉት አንዱ የሚመለከትዎ ከሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩ አይጀምሩ።

• ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም እንደ ግሊበንክላሚድ ያለ የስኳር ኪኒን የሚውጡ ከሆነ። የመድኃኒቱ መጠን የተለካው አሁን በሚበሉት ምግብ ነው። ካርቦሃይድሬቱ ቀንሶ መድኃኒቱ ባለበት ከቀጠለ የደም ስኳርዎ በድንገት ሊወርድ ይችላል።
• ስማቸው በ«ፍሎዚን» የሚያልቅ መድኃኒቶችን (ለምሳሌ ዳፓግሊፍሎዚን ወይም ኢምፓግሊፍሎዚን) የሚወስዱ ከሆነ። ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ኪቶን (ሰውነት ስብ ሲያነድ የሚፈጠር አሲዳማ ነገር) በደም ውስጥ እስከ አደገኛ መጠን ሊከማች ይችላል፤ የስኳር ልኬቱ ደህና እየመሰለ ሊደርስ መቻሉ ነው ክፋቱ።
• የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ኩላሊት ጨውና ውኃ ስለሚያስወግድ ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድና ሲነሱ ሊያዞርዎ ይችላል።
• ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠቡ ከሆነ፣ ዕድሜዎ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ፣ ወይም የኩላሊት፣ የሐሞት ከረጢት፣ የቆሽት (ፓንክሪያስ) ሕመም ወይም ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ካለብዎ።

ከዚህ ቀደም ምግብን የመፍራት፣ ራስን የማስራብ ወይም በልቶ የማስመለስ ችግር ለነበረበት ሰው ይህ አሠራር ጨርሶ አይሆንም። ግራም መቁጠር የዳነውን ቁስል ሊቀሰቅስ ይችላል። የሥነ ምግብ ባለሙያ ሳይቆጥሩ የሚሠሩበት ሌላ መንገድ አለው፤ እሱን ይጠይቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• በግራም የሚመዝን የወጥ ቤት ሚዛን። ያለ እሱ ባይሞክሩት ይሻላል።
• ደብተር፣ ወይም የምግብ ይዘት የሚያሰላ የስልክ መተግበሪያ።
• የሰውነት ሚዛንና የወገብ መለኪያ ሜትር።
• ከሙከራው በፊት የተሠራ የደም ቅባት ምርመራ (ኤልዲኤል ማለትም «መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል ማለትም «ጥሩ» የሚባለው፣ እና ትራይግሊሰራይድ የተባለው በደም ውስጥ የሚዘዋወር ስብ)።
• ከተቻለ የደም ስኳር መለኪያ። ከሌለዎት ደረጃ 6ን ይዝለሉት፤ ሙከራው አይበላሽም።

በቃል የሚያዙ ጥቂት ቁጥሮች

1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ፕሮቲንም 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ቅባት ግን 9 ካሎሪ ይሰጣል። ከዚህ የምንዛሬው ሕግ ይወጣል፦ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት በ20 ግራም ቅባት ይመነዘራል። ሁለቱም 180 ካሎሪ ናቸው። ይህን ጥንድ ደብተርዎ ሽፋን ላይ ይጻፉት፤ ሙከራው ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው።

ካርቦሃይድሬት፦ 100 ግራም የበሰለ ሩዝ 28 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ድንች 20፣ አንድ ቁራጭ (30 ግራም) ዳቦ 15፣ መካከለኛ ሙዝ 27፣ መካከለኛ ፖም 25። 100 ግራም የበሰለ ምስርም 20 ግራም ይዟል፤ ግን 8 ግራሙ ፋይበር (አሰር) ሲሆን በላዩ 9 ግራም ፕሮቲን አለው።

ቅባት፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም፣ አንድ እንቁላል 5፣ 30 ግራም ኦቾሎኒ 15፣ 100 ግራም አቮካዶ 15፣ 250 ሚሊ ሊትር ቅባቱ ያልወጣለት ወተት 8 (ወተቱ 12 ግራም ካርቦሃይድሬትም አለው)።

ደረጃ 1፦ ለ7 ቀን ምንም ሳይቀይሩ ይመዝግቡ

የሚበሉትንና የሚጠጡትን ሁሉ፣ የተለመደውን ያህል፣ እየመዘኑ ይጻፉ። በዚህ ሳምንት «ልጠንቀቅ» አይበሉ። የሚፈለገው እውነተኛው አመጋገብዎ ነው፤ የተስተካከለ ሳምንት ከመዘገቡ በኋላ የሚያሰሉት ሁሉ በተሳሳተ መሠረት ላይ ይቆማል። ሰው በግምት ሲጽፍ ከበላው አሳንሶ እንደሚጽፍ ደጋግሞ ታይቷል፤ ውሸት አይደለም፣ ዓይን ስለሚያታልል ነው። ሚዛን ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ሁለት ቦታዎች ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ። አንደኛው ጥሬና የበሰለ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሩዝ 80 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ያው ሩዝ በስሎ ውኃ ሲጠጣ በ100 ግራም 28 ብቻ ይሆናል። በጥሬው መዝነው በበሰለው ቁጥር ካሰሉ ስህተቱ ሦስት እጥፍ ሊጠጋ ነው። ጥሬ ወይም የበሰለ፣ አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው እሱን ይያዙ።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ድስት ውስጥ የገባ ዘይት ከዓይን ይጠፋል። ምግብ ከመሥራትዎ በፊት ጠርሙሱን ይመዝኑ፣ ሲጨርሱ እንደገና ይመዝኑ፤ ልዩነቱ የፈሰሰው ዘይት ነው። ለብዙ ሰው ካበሰሉ ለድርሻዎ ያካፍሉት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሙከራ ስሠራ ዘይቱን በማንኪያ ገምቼ ጽፌ ነበር፤ ወሩ ካለቀ በኋላ ጠርሙሱን ስመዝን በየቀኑ ከጻፍኩት እጥፍ እንደነበር አገኘሁ። ያ ወር ለምንም አልሆነም። ስለዚህ ነው ይህን ያህል የማሳስበው።

ደረጃ 2፦ ካሎሪውንና ፕሮቲኑን ይቆልፉ

የ7 ቀኑን ካሎሪ ደምረው ለ7 ያካፍሉ። ክብደትዎ ከቆየበት ካልተነቃነቀ ያ አማካይ የእርስዎ የቀን ካሎሪ ነው፤ ከየትኛውም ቀመር የተሻለ፣ ምክንያቱም ከራስዎ ሰውነት የተገኘ ነው።

ክብደት ለመቀነስ ቢያስቡም እንኳ በሙከራው ጊዜ ካሎሪ አይቀንሱ። የካሎሪ ጉድለት ራሱ ያስርባል፣ ያደክማል፣ እንቅልፍ ያውካል። በኋላ ድካሙ ከካርቦሃይድሬት ማነስ ይምጣ ከምግብ ማነስ መለየት አይችሉም። ሚዛንዎን ካወቁ በኋላ መቀነሱ ይደረስበታል።

ፕሮቲኑን ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን 1.2 ግራም ላይ ይወስኑት። ዝቅተኛው ምክር 0.8 ግራም ነው፤ ትንሽ ከፍ ያደረግሁት ከሦስቱ ምግቦች ይበልጥ የሚያጠግበው ፕሮቲን ስለሆነ፣ በየዙሩ ከፍና ዝቅ ካለ የጥጋብ ነጥብዎን ስለሚያዛባው ነው። ክብደትዎ ከሚገባው በጣም ካለፈ በአሁኑ ሳይሆን ሊደርሱበት በሚፈልጉት ክብደት ያስሉ።

ደረጃ 3፦ ከመጠን በፊት ዓይነትን ያስተካክሉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

እንዲህ ያስቡት። አንድ ሰው በየቀኑ ለስላሳ መጠጥ፣ ብስኩትና ነጭ ዳቦ ይበላ ነበር። «ካርቦሃይድሬት ልቀንስ» ብሎ እነሱን ተወና እንቁላል፣ ዓሣና አትክልት በላ። በሁለት ሳምንት ቀለል አለው። ካርቦሃይድሬት አይስማማኝም ብሎ ደመደመ። ነገር ግን የተወው ስኳሩንና የተፈተገውን ዱቄት ነው፤ በምትኩ ምስር፣ ባቄላ፣ አጃና ሙሉ ስንዴ ቢበላ ያው ቅለት ሊሰማው ይችል ነበር። መጠንና ዓይነት አብረው ስለተለወጡ የትኛው እንደረዳው ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ዙሮቹ ከመጀመራቸው በፊት ሁሉንም በአንድ ጥራት ላይ ያድርጉ፦

• ካርቦሃይድሬቱ በአብዛኛው ካልተፈተገ እህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከሙሉ ፍራፍሬ ይምጣ።
• የተጨመረ ስኳር ከካሎሪው ከ10 በመቶ በታች ይሁን። ለ2,000 ካሎሪ ከ50 ግራም በታች ማለት ነው። ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም እዚህ ይቆጠራሉ።
• ቅባቱ በአብዛኛው ፈሳሽ ከሆነ ዘይት፣ ከኦቾሎኒና ከመሰሎቹ፣ ከአቮካዶና ከዓሣ ይምጣ። እንደ ቅቤ፣ የሥጋ ስብና የኮኮናት ዘይት ያለው የሚረጋ ቅባት (ሳቹሬትድ) ከ10 በመቶ አይለፍ፤ ለ2,000 ካሎሪ 22 ግራም ገደማ ነው። ትራንስ ፋት (በአብዛኛው በፋብሪካ እንዲረጋ ከተደረገ ዘይት የሚመጣው ቅባት) ከ1 በመቶ በታች፤ ባይኖር ይመረጣል።
• ፋይበር በየቀኑ ቢያንስ 25 ግራም።

የስኳር፣ የቅባትና የፋይበር ቁጥሮቹ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያወጣቸው ናቸው። ፋይበሩን በተለይ ይጠብቁ፤ እህል ሲቀንስ አብሮት ይወርዳል፣ ከዚያ የሚመጣውን የሆድ ድርቀት ሰው በቅባቱ ያሳብባል።

ደረጃ 4፦ ሦስቱን ዙሮች ያስሉ

ክብደቱ 70 ኪሎ፣ የቀን ካሎሪው 2,000 የሆነ ሰው ምሳሌ ይሁነን። ፕሮቲን 84 ግራም (336 ካሎሪ)፤ ይህ በሦስቱም ዙር አይነካም።

መነሻ ዙር፦ ካርቦሃይድሬት 270 ግራም (54 በመቶ)፣ ቅባት 65 ግራም (29 በመቶ)።
የቅባት ዙር፦ ካርቦሃይድሬት 225 ግራም (45 በመቶ)፣ ቅባት 85 ግራም (38 በመቶ)።
የካርቦሃይድሬት ዙር፦ ካርቦሃይድሬት 315 ግራም (63 በመቶ)፣ ቅባት 45 ግራም (20 በመቶ)።

ከመነሻ ዙር ወደ እያንዳንዱ ዙር የተለወጠው አንድ ምንዛሬ ብቻ ነው፦ 45 ግራም ካርቦሃይድሬት ሲወጣ 20 ግራም ቅባት ይገባል፣ ወይም በተቃራኒው። የቅባት ዙሩ ከተለመደው ክልል ጣሪያ ጥቂት ያልፋል፤ ለዚህም ነው በደረጃ 3 የቅባቱን ዓይነት ያጠበቅነው።

በሳህን ላይ ሲታይ ይህን ይመስላል። 160 ግራም የበሰለ ሩዝ ይነሳል፤ በምትኩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 40 ግራም አቮካዶ ይገባል። በሩዝ ፈንታ ሦስት ቁራጭ ዳቦ ካነሱ ግን ልብ ይበሉ፤ ከዳቦው ጋር 8 ግራም ያህል ፕሮቲንም ሄዷል። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ እንቁላል ይተኩ፤ እንቁላሉ 6 ግራም ፕሮቲን ይመልሳል።

በመነሻ ዙር ይጀምሩ። ከዚያ በኋላ የትኛውም ሊቀድም ይችላል፤ የሚያጓጓዎትን ግን ወደ መጨረሻ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ተስፋ የተጣለበት ዙር ትኩስ እያለ ሲገባ ነጥቡ ይጨምራል።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱን ዙር 14 ቀን ይያዙ፣ በየቀኑ ነጥብ ይስጡ

የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ይመዘገባሉ፣ አይቆጠሩም። አንጀት ከአዲሱ የፋይበርና የቅባት መጠን ጋር ይለማመዳል፤ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳርም (ግላይኮጅን) መጠኑን ይቀይራል። በቅባት ዙር መጀመሪያ ቀናት ራስ ምታትና መዛል ሊኖር ይችላል፤ ውኃ በደንብ ይጠጡ። ውጤት የሚሆኑት የኋለኞቹ 9 ቀናት ናቸው።

በየቀኑ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጡባቸው፦

• ከምሳ 3 ሰዓት በኋላ የሚሰማ ረሃብ (5 ማለት ስለ ምግብ አላሰብኩም)
• የከሰዓት ንቃት
• እንቅልፍ
• የሆድ ሁኔታ
• የስፖርት ወይም የጉልበት ሥራ አቅም
• ከምግብ ሰዓት ውጭ ጣፋጭ ወይም ሌላ ነገር የመፈለግ ስሜት (5 ማለት አልነበረም)

ነጥቡን ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ይስጡ፣ ያለፈውን ቀን ሳያዩ። ያለፈውን ያየ ሰው ሳያውቀው ያንኑ ይደግማል።

ክብደትን በየቀኑ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ምንም ሳይበሉ ይለኩ፤ የሚነጻጸረው ግን የሳምንቱ አማካይ ነው። ወገብን በሳምንት አንድ ጊዜ በእምብርት ትክክል ይለኩ። የወር አበባ ለምታዩ ደግሞ የዑደቱ ቀን አብሮ ይጻፍ፤ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ረሃብም ክብደትም ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ያንን ከዙሩ ጋር እንዳያምታቱት።

ደረጃ 6፦ የደም ስኳር መለካት (ግዴታ አይደለም)

በእያንዳንዱ ዙር የመጨረሻ ሳምንት፣ በሦስት የተለያዩ ቀናት፣ የዙሩን የተለመደ ቁርስ ይብሉና ይለኩ፦ ከመብላትዎ በፊት፣ መብላት ከጀመሩ 1 ሰዓት በኋላ፣ 2 ሰዓት በኋላ። ሦስት ቀን የሆነው የቤት መለኪያ እስከ 15 በመቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ስለሚችል ነው፤ በአንድ ልኬት አይደንግጡ፣ አይደሰቱም።

የአበላል ቅደም ተከተሉም አንድ ይሁን። አትክልትና ፕሮቲን ቀድሞ፣ ካርቦሃይድሬት ኋላ ሲበላ የስኳሩ ከፍታ ይቀንሳል፤ አንድ ቀን በዳቦ ሌላ ቀን በእንቁላል ከጀመሩ የለኩት ዙሩን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው።

ውጤቱን ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ፦ በቅባት ዙር ስኳሩ ዝቅ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፣ ካርቦሃይድሬቱ አንሷልና። ያ ብቻውን ዙሩን አሸናፊ አያደርገውም። መጠየቅ ያለበት በካርቦሃይድሬት ዙር ከ2 ሰዓት በኋላ ልኬቱ ከ140 በታች ተመልሷል ወይ የሚለው ነው። በተደጋጋሚ ካልተመለሰ ካርቦሃይድሬቱን በቀን ውስጥ ያከፋፍሉት፣ ሐኪምም ያማክሩ። በባዶ ሆድ ከ100 እስከ 125 በተደጋጋሚ ካዩ ምርመራ ይፈልጋል፤ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙከራውን አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። (ቁጥሮቹ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ናቸው።)

ደረጃ 7፦ ዙሮቹን ያወዳድሩ

የእያንዳንዱን መስፈርት የ9 ቀን አማካይ በሦስት ዓምድ ጎን ለጎን ይጻፉ። ከግማሽ ነጥብ በታች የሆነ ልዩነት የዕለት ተዕለት መዋዠቅ ስለሆነ እኩል ይቁጠሩት።

ከሁሉ በፊት ረሃብን ይዩ። ያጠገበዎትን ምግብ ለዓመታት ሊበሉት ይችላሉ፤ የሚያስርብ አመጋገብ በወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር አይቆይም። ቀጥሎ ሆድና እንቅልፍ፣ ከዚያ የሥራ አቅም። ክብደትን ለመጨረሻ ይተዉት፤ ካሎሪው ስላልተለወጠ በ14 ቀን ውስጥ የሚታየው ለውጥ በአብዛኛው ውኃ ነው።

አንዱ ዙር በግልጽ ከበለጠ ሚዛንዎ ወደዚያ ያደላል። ሦስቱም እኩል ከሆኑ እሱም ትልቅ መልስ ነው፦ ሰውነትዎ ሁለቱንም ይቀበላል፣ ስለዚህ ለመግዛት፣ ለማብሰልና ከሰው ጋር ለመብላት የሚቀልዎትን ይምረጡ። ብዙ ሰው ይህን መልስ ሲያገኝ የከሸፈ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚያሳርፈው ውጤት ይመስለኛል።

መስፈርቶቹ ከተጋጩ፣ ለምሳሌ በቅባት ዙር ረሃብ ጠፍቶ የሩጫ አቅም ከወደቀ፣ ስፖርቱን ከእረፍት ቀን ይለዩት። ከባድ እንቅስቃሴ የሚነደው በዋናነት በካርቦሃይድሬት ነው፤ በቀስታ እርምጃ ጊዜ ደግሞ የቅባት ድርሻ ከፍ ይላል። ስለዚህ በከባድ ቀን የካርቦሃይድሬት ዙሩን፣ በእረፍት ቀን የቅባት ዙሩን መጠን መያዝ ይቻላል።

ደረጃ 8፦ ግማሽ እርምጃ ያስተካክሉ፣ ከወሰን አይለፉ

ወዳሸነፈው አቅጣጫ ግማሽ ምንዛሬ (22 ግራም ካርቦሃይድሬት በ10 ግራም ቅባት) ጨምረው ሌላ 14 ቀን መሞከር ይችላሉ። ነጥቡ ካልተሻሻለ ወደ ቀድሞው ይመለሱ።

ቅባት ከ20 በመቶ በታች አይውረድ። ሰውነት ራሱ የማይሠራቸው ሁለት የቅባት ዓይነቶች (ሊኖሌይክና አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ) ከምግብ ብቻ ይገኛሉ፤ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም ያለ ቅባት በደንብ ወደ ደም አይገቡም። ካርቦሃይድሬት ደግሞ በዚህ አሠራር ከ130 ግራም በታች አይውረድ፤ ቁጥሩ የተወሰደው አንጎል በቀን ከሚጠቀመው ግሉኮስ ነው። ከ50 ግራም በታች ሲወርድ ሰውነት ወደ ኪቶን ይዞራል፤ የራሱ ዝግጅትና ክትትል የሚፈልግ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ይህን መመሪያ ይዘው አይግቡበት።

ደረጃ 9፦ በደም ምርመራ ያረጋግጡ

በመረጡት ሚዛን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ከቆዩ በኋላ የደም ቅባት ምርመራውን ይድገሙና ከመጀመሪያው ጋር ያስተያዩ። ስሜት ሁሉንም አይናገርም። አንዳንድ ሰው ቅባት ሲያበዛ እጅግ ደህና እየተሰማው ኤልዲኤሉ ከፍ ይላል፤ ሌላው ካርቦሃይድሬት ሲያበዛ፣ በተለይ የተፈተገውን፣ ትራይግሊሰራይዱ ይወጣል። ኤልዲኤል ከወጣ መጀመሪያ የሚረጋውን ቅባት በፈሳሽ ዘይት ይተኩ፣ ካልወረደ አንድ ምንዛሬ ወደ ካርቦሃይድሬት ይመለሱ። ትራይግሊሰራይድ በባዶ ሆድ ከ150 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ካለፈ ስኳርን፣ የተፈተገ ዱቄትንና አልኮልን ይቀንሱ። በሁለቱም ሁኔታ ውጤቱን ለሐኪም ያሳዩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ቅባት ጨምሮ ካርቦሃይድሬት አለመቀነስ። ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ነው። ሰላጣው ላይ ዘይት ይጨመራል፣ ዳቦው ግን ባለበት ይቀራል። ይህ ምንዛሬ ሳይሆን ጭማሪ ነው፤ በቀን 180 ካሎሪ።

በመጀመሪያው ሳምንት ክብደት መደሰት። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ክምችቱ ይቀንሳል፣ ውኃውም ይወጣል፤ ካርቦሃይድሬት ሲመለስ ውኃውም ይመለሳል። በካርቦሃይድሬት ዙር መጀመሪያ 1 ኪሎ ቢጨምሩ ስብ አይደለም፤ ሙከራውን በዚያ ምክንያት አያቋርጡ።

ኬክን፣ ብስኩትንና የተጠበሰ ድንችን «ካርቦሃይድሬት» ብሎ መመዝገብ። እነዚህ ካርቦሃይድሬትም ቅባትም ናቸው፤ ሁለቱም ዓምድ ላይ ይጻፉ።

«ቅባት የሌለው» የሚል የታሸገ ምግብ መግዛት። ቅባቱ ሲወጣ ጣዕሙን ለመመለስ ስኳር የተጨመረበት ብዙ ነው። ከፊት ለፊቱ ጽሑፍ ይልቅ ከኋላ ያለውን ሰንጠረዥ ያንብቡ፤ የ100 ግራሙንም የአንድ ድርሻውንም።

የሳምንት መጨረሻን መተው። ከ14 ቀን አራቱ ካልተመዘገቡ ከሩብ በላይ የሆነው መረጃ የለም። ግብዣ ካለ ይሂዱ፣ ይብሉ፣ በግምት ይጻፉና «ግምት» ብለው ምልክት ያድርጉበት።

ባልተለመደ ጊዜ መጀመር። ጉዞ፣ ፈተና፣ ሕመም፣ አዲስ መድኃኒት ወይም የሥራ ፈረቃ ለውጥ ባለበት ሳምንት የሚገኘው ነጥብ የምግቡ አይደለም። በዙሩ መሐል ጉንፋን ከያዘዎ ያንን ዙር ከመጀመሪያው ይድገሙት።

ሙከራው ሲያልቅ መመዘኑን መተው ይችላሉ፤ በ7 ሳምንት ዓይንዎ ይለምዳል። በየሦስት ወሩ ሁለት ቀን ብቻ መዝነው ዓይንዎን ይፈትሹ። ክብደትዎ ከ5 ኪሎ በላይ ከተለወጠ፣ የእንቅስቃሴዎ መጠን በጣም ከጨመረ ወይም ከቀነሰ፣ የወር አበባ ከተቋረጠ፣ ወይም አዲስ መድኃኒት ከጀመሩ ከደረጃ 4 ጀምረው ዙሮቹን ይድገሙ።